ድድ ሲሸሽ፦ ስለ ድድ ንቅለ ተከላ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጥርሴ ረዘመ» እያለ ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄድ ጎልማሳ ጥርሱ አልረዘመም፤ የረዘመ ያስመሰለው የድዱ መሸሽ ነው። የተገለጠው ሥር እንደ ጥርሱ አናት በጠንካራው ኢናሜል ስላልተሸፈነ ቀዝቃዛ ውኃ ያመዋል፣ በብሩሽ ይፋቃል፣ ለመቦርቦርም ይመቻል። ይህን ሥር ለመሸፈን ወይም የሳሳውን ድድ ለማወፈር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታካሚው ከራሱ ላንቃ ሥጋ ተወስዶ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና የድድ ንቅለ ተከላ ይባላል። ስለ እርሱ ከሚነገረው አንዳንዱ ሰውን ከሕክምናው ሲያርቅ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሕክምናው ሊሰጥ የማይችለውን ያስመኛል።

«የሸሸ ድድ በቤት መድኃኒት ይመለሳል።»

አይመለስም። ለብ ያለ የጨው ውኃ የተቆጣ ድድን ያስታግሳል፤ ሥጋ ግን አያበቅልም። የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማቆየት ድዱን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ሎሚም ኢናሜል የሌለውን ሥር በአሲዱ ይበላዋል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ድድን መነቀስ ከውበቱ ሌላ ድድን ያጠነክራል ተብሎ ሲታመን ኖሯል፤ ንቅሳት ግን ቀለም እንጂ ውፍረት አይጨምርም።

«ድዱ የሚሸሸው ጥርሱን የማይፍቅ ሰው ብቻ ነው።»

ይህ እውነት የሚሆነው በከፊል ነው። በጥርስ ዙሪያ የሚጠራቀመው ቆሻሻ የሚያስነሣው የድድ በሽታ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ሲበላ ድዱም አብሮ ይሸሻል። ይሁን እንጂ ጥርሱ ንጹሕ፣ ድዱም የማይደማ ሆኖ ሳለ ሥሩ የተገለጠበት ሰው ጥቂት አይደለም፤ የዚህ ሰው ጥፋት ብዙውን ጊዜ አጥብቆ መፋቁ ነው። ጠንካራ ብሩሽ ወይም ጫፉ በደንብ ያልታኘከ የወይራ መፋቂያ ወደ ጎን እየተሳበ ሲታሽ፣ ወደ ውጭ ወጣ ያሉት ክራንቻዎችና ከእነርሱ ቀጥለው ያሉት ጥርሶች ቀድመው ይጎዳሉ። መፋቂያን መተው አያስፈልግም፤ ጫፉን አኝኮ ማለስለስና ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ አቅጣጫ መፋቅ ይበቃል። በተፈጥሮ የሳሳ ድድ፣ ከረድፉ የወጣ ጥርስ፣ ድዱን የሚጎትት የከንፈር ጅማት፣ ትንባሆ፣ ጫትን ዘወትር በአንድ ጉንጭ ይዞ መቆየትም ከመንሥኤዎቹ ይቆጠራሉ። መንሥኤው ሳይወገድ የተተከለ ድድ እንደ ቀድሞው ሊሸሽ ይችላል።

«ጥርስ ማሳጠብ ድድን ያሸሻል፣ ጥርስንም ያነቃንቃል።»

ይህን የሚል ሰው ያየውን ነው የሚናገረው፤ ስሕተቱ ምክንያቱ ላይ ነው። ለዓመታት የተጋገረው የጥርስ ድንጋይ ሲነሣ ያበጠው ድድ እብጠቱ ይጎድላል፣ ድንጋዩ ደፍኖት የነበረው ክፍተትና ሥርም ይታያል፤ በድንጋዩ ተደግፎ የቆመ ጥርስ ካለ መነቃነቁ ያን ጊዜ ይታወቃል። ጉዳቱ ግን ከእጥበቱ በፊት የደረሰ ነው። ንቅለ ተከላ የሚያደርግ ሐኪም ይህን እጥበት አስቀድሞ የሚያዝዘው፣ የሚደማና የተቆጣ ድድ ላይ የተሰፋ ሥጋ በደንብ ስለማይዝ ነው። ንቅለ ተከላው ራሱ የድድ በሽታን አያድንም፤ በሽታው ከተገታ በኋላ የሚመጣ ነው።

«ቀዶ ሕክምናው ከተሠራ ሥሩ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል።»

ከሁሉ የበለጠ ቅሬታ የሚወልደው ይህኛው ይመስለኛል። የሚተከለው ሥጋ በሕይወት የሚቆየው ከተሰፋበት ቦታ በሚያገኘው ደም ነው፤ የተገለጠው የጥርስ ሥር ገጽ ግን ደም የለውም። ስለዚህ በእርሱ ላይ የተኛው ሥጋ የሚመገበው ከዳርና ከዳር፣ በተለይም በጥርሶቹ መካከል ካለው ድድ ነው፤ ያም ድድ በተራው ከሥሩ ባለው አጥንት ላይ የቆመ ነው። የድድ ሐኪሙ ፕሬስተን ሚለር በ1985 እ.ኤ.አ. የድድ መሸሽን ሲመድብ፣ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ካይሮና ባልደረቦቹም በ2011 እ.ኤ.አ. በሦስት ደረጃ ሲከፍሉት ይህንኑ በጥርሶች መካከል ያለውን ጉድለት መመዘኛ አድርገዋል። በመካከል ምንም ካልጎደለ፣ ፊት ለፊት የተገለጠው ሥር ዐይን የሚስብ ቢሆን እንኳ ሙሉ ሽፋን ተስፋ ይደረጋል። በመካከል የጎደለው ፊት ለፊት ከጎደለው ከበለጠ ግን ሙሉ ሽፋን አይጠበቅም። ታካሚው በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት እንግዲህ በጥርሶቹ መካከል ምን ያህል እንደ ቀረለት ነው።

«ላንቃ ተገሽልጦ፣ አፍ ውስጥ ትልቅ ቁስል ይቀራል።»

ሥራው የሚከናወነው በአካባቢ ማደንዘዣ ነው፤ የሚወሰደውም ሥጋ ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአወሳሰዱ ዘዴ ግን ልዩነት አለው። በአንደኛው የላንቃው ላይኛ ሽፋን አብሮ ስለሚነሣ ቁስሉ ክፍት ሆኖ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጅበታል። በሌላው፣ ከ1985 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተስፋፋው ዘዴ፣ የውስጡ ሥጋ ብቻ ወጥቶ ሽፋኑ ተመልሶ ስለሚሰፋ ሕመሙ ይቀላል። ለእኛ ለብዙዎቻችን ልዩነቱ በመልክም ይታያል፦ ጠቆር ባለ ድድ ላይ ከነሽፋኑ የተሰፋ የላንቃ ሥጋ እንደ ነጣ ያለ መጣፊያ ሆኖ ይቀራል፤ የውስጡ ሥጋ ግን በራሱ በታካሚው ድድ ሥር ስለሚገባ ይህን ያህል አይለይም። ፊት ጥርስ ላይ ከሆነ ይህን አስቀድሞ መነጋገር ተገቢ ነው።

ከላንቃ ላለመውሰድ ከሰው ወይም ከእንስሳ የተዘጋጁ ምትኮችም አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከአሳማ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ በሃይማኖቱ ምክንያት ይህን የማይፈልግ ሰው ቀደም ብሎ ሐኪሙን ቢጠይቅ መልካም ነው።

«ድዱ የሸሸ ሁሉ መሠራት አለበት።»

የለበትም። መሸሹ ትንሽ ከሆነ፣ ካልቀጠለና ካላሳመመ፣ አፋፋቁን አስተካክሎ፣ ለሚቀዘቅዝ ጥርስ የተዘጋጀ የጥርስ ሳሙና እየተጠቀሙ በየጊዜው ማስለካት በቂ ሊሆን ይችላል።

«ተሰፍቶ ከወጡ አለቀ።»

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የተተከለው ሥጋ ገና የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ከተሰፋበት ቦታ በሚመነጨው ፈሳሽ ብቻ ይኖራል፤ አዳዲስ የደም ሥሮች ወደ እርሱ የሚዘልቁት ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ከተንቀሳቀሰ ሊሞት ይችላል። ከንፈርን ገልጦ በመስተዋት ማየት፣ ለዘመድም ማሳየት የሚከለከለው ለዚህ ነው፤ እንደማየው ይህን መከልከል ከሕመሙ ይልቅ ለሰው ይከብደዋል። ቦታው ሐኪሙ እስኪፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት፣ አይቦረሽም፤ በምትኩ ጀርም የሚገድል የክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጫ ይታዘዛል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥና ትኩስ ቡና ይቆያሉ፤ የቀዘቀዘ አጥሚትና ለስላሳ ገንፎ ይሻላሉ። ሲጋራ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ውጤቱን በግልጽ ይቀንሳል። ስፌቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ድዱ ግን ከዚያም በኋላ ለወራት ስለሚለወጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በጥቂቱ ወደ ጥርሱ አናት እየተጠጋ ስለሚሄድ፣ የመጨረሻው ልኬት የሚወሰደው ከወራት ቆይታ በኋላ ነው።