2147483647 ምንድን ነው?

31 ሁለቶችን እርስ በርስ ስናባዛ 2147483648 ይሆናል። ከዚያ ላይ አንድ ሲቀነስ 2147483647 ይቀራል። ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው፦ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን በኮምፒውተር በኩል ነው። በ0 እና በ1 ሲጻፍ 31 አንዶች ብቻ ይደረደራሉ፤ ስለዚህ ከ32 ቢት (የ0 ወይም የ1 ቦታ) አንዱ ለምልክት ሲያዝ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። ጊዜን እ.ኤ.አ. ከ1970 መባቻ ጀምረው በሰከንድ የሚቆጥሩ የቆዩ ሥርዓቶች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ከዚህ ቁጥር ላይ ደርሰው ቦታ ያልቅባቸዋል።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚልቀው ብቸኛነቱ የተረጋገጠበት መንገድ ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሰን እ.ኤ.አ. በ1644 ብቸኛ ነው ብሎ ዘረዘረው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን ስሕተቶችም ነበሩ። ማረጋገጫው የመጣው በ1772 ከሒሳብ ሊቁ ከሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ በዚያን ጊዜ ኦይለር የዓይኑን ብርሃን ከሞላ ጎደል አጥቶ ነበር።

አካፋይ ካለው ቢያንስ አንዱ ከዳግም ዘሩ አይበልጥም፤ ስለዚህ ፍለጋው 46340 ላይ ያበቃል። እስከዚያ ድረስ ግን ከ4,000 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ይህን ሁሉ በእጅ ማካፈል አድካሚ ነው፤ ኦይለር አብዛኞቹን ሳይነካቸው አስወገዳቸው።

እንዴት? ቀ የሚባል ብቸኛ ቁጥር ያካፍለዋል እንበል። እንግዲያው 31 ሁለቶች ተባዝተው ለቀ ሲካፈሉ ቀሪው 1 ነው። የፌርማ ትንሹ ቴዎረም ደግሞ ብዛታቸው ከቀ በአንድ የሚያንስ ሁለቶች ሲባዙም ቀሪው 1 እንደሚሆን ይነግረናል። 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው እውነት የሚሆኑት ከቀ ላይ 1 ሲቀነስ ውጤቱ ለ31 የሚካፈል ከሆነ ብቻ ነው። ቀ ጎዶሎ ስለሆነም ያው ውጤት ለ62 ይካፈላል። በዚህ ብቻ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና ሌሎች ብዙ ዕጩዎች ወደቁ።

ሁለተኛው ወንፊት ከዚህም ይረቅቃል። 32 ሁለቶች ተባዝተው ለቀ ሲካፈሉ ቀሪው 2 ነው፤ ብዜቱ ደግሞ የ65536 ካሬ ነው። አንድ ካሬ ለቀ ተካፍሎ 2 የሚተርፈው ቀ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 የሚተርፍ ከሆነ ብቻ ነው። ሁለቱን ወንፊቶች ስናጣምር ቀ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። 63 ራሱ ብቸኛ ስላልሆነ ይወጣል፤ እስከ 46340 የሚቀሩት 372 ቁጥሮች ናቸው። ከእነሱም ብዙዎቹ ብቸኛ አይደሉም። የመጀመሪያው እውነተኛ ዕጩ 311 ነው፣ ቀጥሎ 1303፣ ከዚያ 1489። አንዳቸውም ያለ ቀሪ አያካፍሉትም፤ ከእነሱ በኋላ ያሉትም እንዲሁ።

ብቸኛነቱ ሌላም ፍሬ አለው። በ1073741824 ሲባዛ 2305843008139952128 የተባለ ፍጹም ቁጥር ይወጣል፤ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው ራሱን ይሰጣሉ።

ታዲያ 2147483647 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ቢቀነስስ? ያ ከ646 ሚሊዮን በላይ አኃዝ ያለው ቁጥር ብቸኛ አይደለም፤ 295257526626031 ያካፍለዋል። ይህም አካፋይ የኦይለርን የመጀመሪያ ወንፊት ያልፋል፦ አንድ ሲቀነስለት ለ2147483647 በትክክል ተካፍሎ 137490 ይሰጣል።