የሃምሳ ሎሚ ግማሹ የት ሄደ?

ሰሞኑን ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። አንዲት እናት ዓይነ ስውር ልጇን ልታስመዘግብ መጥታለች። ርዕሰ መምህሩ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እህቴ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው። መምህሯ አትችለውም» አሏት። ብዙ ወላጅ «እውነት ነው» አለ። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። «ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የት ጣሉት?

ሎሚ ያልለቀመ ሰው ተረቱ ስለ ክብደት ይመስለዋል። ሃምሳ ሎሚ እኮ ሁለት ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። ልጅ ሆኜ ጥምቀትን የምናሳልፈው ዘጌ፣ አያቴ ዘንድ ነበር። እዚያ ሎሚው ከቡናውና ከጌሾው ጋር ጓሮ ይበቅላል። ቀሚሴን ሰብስቤ እሞላለሁ። አንዱ ያመልጠኛል። እሱን ላነሳ ጎንበስ ስል ሦስቱ ይንከባለላሉ። ሸክምነቱ እዚህ ላይ ነው፤ እጅ አይበቃም።

በበዓሉ ጠዋት ያው ሎሚ ለሰፈሩ ልጆች አንዳንድ ይታደላል። ልጣጩን በጥፍር ጫር እያደረግን ስናሸተው እንውላለን። ጎረምሶቹ ለወደዷት ልጅ ይወረውሩታል። ሽቶ በሌለበት መንደር ሎሚ የክት ልብስ ማሟያ ነው። ልብ በሉ፣ ተረቱ «ለሃምሳ ሰው ይቀላል» አላለም። ጌጡ ነው ያለው። ስለዚህ የተወለደው ጥምቀተ ባሕር ላይ ነው ባይ ነኝ። ቅርጫቱን ብቻዋን ተሸክማ የመጣች ሴት፣ ሎሚዋን በሃምሳ ሰው እጅ ስታየው የተናገረችው ነው። ከገበያ ቢመጣማ «ትርፉ» ይል ነበር።

ቁጥሩም ይገርመኛል። የአንደኛ ደረጃ መለኪያችን ለአንድ መምህር 50 ተማሪ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሃምሳውንም መምህሯ ላይ ጫኑ። ለሃምሳው ቢከፋፈል ግን፣ ከዓይነ ስውሩ አጠገብ የሚቀመጠው ልጅ ሰሌዳውን ያነብለታል። ሌላዋ በእረፍት ሰዓት እጁን ይዛው ትወጣለች። ብሬል የሚያውቅ መምህር፣ አጎራባች ትምህርት ቤቶች ከሚጋሩት የጉድኝት ማዕከል ይመጣል። አካቶ ትምህርት ማለት ይኸው ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችውም ለዚህ ነው።

አሁን አሁን ተረቱ የመከልከያ ሰበብ ሆኗል። በመሥሪያ ቤቱም በዕድሩም «ሸክሙ» ላይ ይቆማል። እባካችሁ፣ ከተረታችሁ ጨርሱት።

ያቺ እናት ወረቀቷን አጣጥፋ ስትወጣ ተከተልኳት። ልጁ ደረጃውን በእግሩ እየቆጠረ ወረደ። ታች ሲደርስ ቆመና ፊቱን ልጆች ወደሚጫወቱበት ሜዳ አዞረ።