ድፍኑ መስመርና የተቆራረጠው መስመር፦ የመንገድ መጋጠሚያ ላይ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

እንደ ቱሉ ዲምቱ ባሉ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ከኮብልስቶን ወጥቶ ዋናው አስፋልት የሚገባ ሹፌር ሁለቱን መስመሮች አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አንድ አይደሉም። መንገዱን አቋርጦ የተሰመረ ወፍራም ድፍን ነጭ መስመር «ቁም» ነው፤ ዋናው መንገድ ባዶ ቢሆንም ጎማ መቆም አለበት። የተቆራረጠው «ቅድሚያ ስጥ» ነው፤ የሚመጣ ከሌለ ቀስ ብሎ ማለፍ ይቻላል።

የትኛው ይሰመር የሚለውን የሚወስነው እይታ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለመግባት 6 ሴኮንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ ወደ 100 ሜትር ርቀት መታየት አለበት። የቆርቆሮ አጥር ወይም የቆመ ሲኖትራክ ከጋረደ ድፍኑ ይመረጣል። አጥሩን ማንሳት ከተቻለ ግን ያ ከቀለም ይሻላል።

ቦታውም ያሳስታል። መስመሩ ከዜብራው በፊት መሆን አለበት፤ ዜብራው ላይ ወይም ከዜብራው አልፎ ከተሰመረ መኪናው እግረኛው መሄጃ ላይ ይቆማል። በጣም ወደኋላ ከራቀ ደግሞ ሹፌሩ ምንም ስለማይታየው መስመሩን ንቆ ያልፋል። መስመሩ ጋ ቆሞ ካልታየ፣ ቀስ ብሎ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ወጥቶ እንደገና መቆም ነው።

ኮብልስቶን ላይ የተቀባ ቀለም በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ይሰነጠቃል፤ አቧራና ጭቃ ላይ የተቀባም ይላጣል። ስለዚህ አስፋልቱን ወደ ውስጥ መንገዱ ጥቂት ሜትሮች አስገብቶ፣ ጠርጎና አድርቆ እዚያ ላይ ማስመር ይሻላል። መስመሩን ጭቃ ሊሸፍነው ስለሚችል ግን ምልክቱ በምሰሶም መተከል አለበት።