አይ ኤን አር ምንድን ነው?

እግሩ ላይ ወይም ሳንባው ውስጥ ደም ረግቶበት ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ የተጀመረለት ሰው ከክኒኑ ጋር አንድ ቁጥር ይከተለዋል። ሐኪሙ "አይ ኤን አርዎ 1.6 ነው፣ ወርዷል" ይሉታል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ "3.8 ገብቷል፣ ትንሽ እንቀንስ" ይባላል። ታካሚው ቁጥሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምን እንደሆነ በደንብ ያስረዳው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም። የመድኃኒቱ መጠን ነው? ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ ነው?

ሁለቱም አይደለም። አይ ኤን አር የሚነግረን ስለ ጊዜ ነው። የእናንተ ደም ለመርጋት የወሰደበት ጊዜ ከጤነኛ ሰው ደም ጋር ሲተያይ ስንት እጥፍ ሆነ? ቁጥሩ ይኸው ነው። ደም ማቅጠኛ የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ይሆናል። 2 ከሆነ በግርድፉ እጥፍ ጊዜ ፈጅቷል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲገባን ክኒኑ ምን እንደሚሠራ እንይ። ደም የሚረጋው በአብዛኛው ጉበት በሚያመርታቸው ፕሮቲኖች ነው። ከእነሱ ውስጥ አራቱ፣ ማለትም በቁጥር 2፣ 7፣ 9 እና 10 የሚጠሩት፣ ያለ ቫይታሚን ኬ ሥራቸውን በቅጡ አይሠሩም። ዋርፋሪን ሰውነት ይህን ቫይታሚን መልሶ እንዳይጠቀምበት ያግደዋል። ስለዚህ ጉበት አዲስ የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች አቅመ ቢስ ሆነው ይወጣሉ። ልብ በሉ፣ ዋርፋሪን የረጋውን ደም አያሟሟም። የማሟሟቱን ሥራ የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው፣ ቀስ እያለ። ክኒኑ የረጋው እንዳይጨምርና ሌላ እንዳይፈጠር ይጠብቃል።

አሁን ወደ ላብራቶሪው እንግባ። ደም የሚቀዳው ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው። ቱቦው ውስጥ ሲትሬት የሚባል ፈሳሽ አለ። ሲትሬት በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚይዘው ደሙ መንገድ ላይ አይረጋም። መጠኑ የታወቀ ነው፤ ለ9 እጅ ደም 1 እጅ ሲትሬት። ለዚህ ነው ባለሙያው ደሙ ቱቦው ላይ ያለው ምልክት ድረስ ካልደረሰ እንደገና ልቅዳ የሚለው። ጎደሎ ቱቦ ውጤቱን ያለ አግባብ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሁለተኛ ስትወጉ አትቀየሙት።

ከዚያ ቱቦው በማሽን ይሽከረከራል፤ ቀዩ ወደ ታች ይቀርና ቢጫማው ፕላዝማ ከላይ ይንሳፈፋል። ፕላዝማው በ37 ዲግሪ ይሞቃል። ትሮምቦፕላስቲን የሚባል ደም የሚያረጋ ነገር ከካልሲየም ጋር ይጨመርበታል። ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። የጤነኛ ሰው ፕላዝማ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 13 ሰከንድ ባለው ውስጥ ይረጋል። ዋርፋሪን የሚወስደው ሰው ይዘገያል። ይህን ምርመራ አርማንድ ክዊክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1935 ነው ይፋ ያደረገው።

ታዲያ ሰከንዱን ብቻ ለምን አይነግሩንም? ምክንያቱም ትሮምቦፕላስቲን ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ፋብሪካ የሚያመርተው ስሜቱ ስል ነው፣ ሌላው ደነዝ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጤነኛው ደም በሁለት ላብራቶሪዎች በ12 ሰከንድ ረጋ እንበል። የአንድ ታካሚ ደም ግን በአንደኛው 24፣ በሁለተኛው 18 ሰከንድ ፈጀ። ደሙ ያው ነው። ሰውየው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ቢያይ ግራ ይገባዋል።

ድሮ ይህ ጣጣ የወረቀት ብቻ አልነበረም። በሰሜን አሜሪካ ይሠራበት የነበረው ትሮምቦፕላስቲን ከብሪታንያው ይልቅ ደነዝ ስለነበር፣ ሐኪሞች የሚፈልጉት ሰከንድ ላይ ለመድረስ ብዙ ዋርፋሪን ይሰጡ ነበር። ታካሚዎቹም የበለጠ ይደሙ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ መላ አመጣ። እያንዳንዱ ትሮምቦፕላስቲን የስልነት ቁጥር ይሰጠው፤ ደነዝ በሆነ መጠን ቁጥሩ ይበልጣል። የታካሚው ሰከንድ ለጤነኛው ሰከንድ ይካፈል፣ ከዚያ ድርሻው በዚያ ቁጥር ኃይል ከፍ ይበል። በምሳሌያችን 24 ለ12 ሲካፈል 2 ነው፤ የስልነት ቁጥሩ 1 ከሆነ 2 ሆኖ ይቀራል። 18 ለ12 ሲካፈል 1.5 ነው፤ የስልነት ቁጥሩ 1.7 ከሆነ 1.5 በ1.7 ኃይል ከፍ ሲል ወደ 2 ይመጣል። ተስማሙ። አይ ኤን አር ይኸው ነው፤ በየትም አገር ተለካ በየት፣ አንድ ትርጉም ያለው ቁጥር።

ደም ሥር ውስጥ ወይም ሳንባ ውስጥ ደም ለረጋበት ሰው የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ነው። በልቡ ግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል የብረት ቫልቭ ለተተካለት ሰው ከ2.5 እስከ 3.5 ድረስ ይፈለጋል። ከ2 ከወረደ ደሙ እንደገና የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል። ሽቅብ በሄደ ቁጥር፣ በተለይ 5ን ካለፈ፣ የመድማት አደጋው እየከፋ ይሄዳል። መሐሉ ጠባብ ነው፤ የዋርፋሪን ክትትል አድካሚ የሆነውም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀውና እኔ ከሁሉም በላይ ሊታወቅ ይገባል የምለው ግን ሌላ ነው። ዛሬ የተለካው አይ ኤን አር የዛሬውን ክኒን አያሳይም። ከሁለት ሦስት ቀን በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ዛሬ እንደመድረስ ነው። ዋርፋሪን አዲስ የሚሠሩትን ፕሮቲኖች ነው የሚያዳክመው፤ ደም ውስጥ ቀድመው ያሉትን አይነካም። እነሱ እስኪያልቁ መጠበቅ አለበት። ቁጥር 7 ቶሎ ያልቃል፣ በ6 ሰዓት ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ቁጥር 2 ግን ግማሹ እስኪያልቅ ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈጃል። ከመርጋት በእውነት የሚጠብቀን ደግሞ በዋናነት የቁጥር 2 መቀነስ ነው።

ሕክምናው ሲጀመር ታካሚዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ። "ቁጥሩ እኮ 2 ደርሷል፣ ይሄ የሆድ መርፌ ለምን አይቆምልኝም?" ይላሉ። መርፌው ሄፓሪን ወይም የሱ ዘመድ ነው፣ ወዲያው ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይ ኤን አር ከፍ የሚለው ቁጥር 7 ቀድሞ ስለወረደ ነው፤ መከላከያው ገና አልተሟላም። እንዲያውም ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉ ፕሮቲኖችንም አብሮ ስለሚቀንስ፣ ያለ መርፌ ብቻውን ቢጀመር ለጥቂት ቀናት ነገሩ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ መርፌውና ክኒኑ ቢያንስ 5 ቀን አብረው ይሄዳሉ፤ አይ ኤን አሩም 2 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ 24 ሰዓት መቆየት አለበት።

ይኸው መዘግየት በኋላም ይከተላል። ሐኪሙ መጠኑን ዛሬ ቢቀይር፣ ለውጡ መታየት የሚጀምረው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ የሚታየው በሳምንት ገደማ ነው። በማግስቱ ተለክቶ "ምንም አልተለወጠም" ብሎ መደናገጥ ዋጋ የለውም። ትናንት ማታ የረሳችሁትን ክኒን ዛሬ ደርባችሁ መዋጥም እንዲሁ። ዛሬ የምትደርቡት የሚመታችሁ ከነገ ወዲያ ነው። የረሳችሁት በዚያው ቀን ትዝ ካላችሁ ውሰዱት፤ ቀኑ ካለፈ ዝለሉትና ለክትትል ስትሄዱ ተናገሩ።

ቁጥሩን የሚያወዛውዘው ምንድን ነው? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው "ጎመን አትብላ" የሚለውን ነው። ይህ ምክር ግማሽ እውነት ነው። ጎመን፣ ስፒናችና ሌሎች አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠሎች ቫይታሚን ኬ አላቸው፤ ሲበዙ አይ ኤን አር ይወርዳል። ግን የሚያስቸግረው መብላቱ ሳይሆን መዋዠቁ ነው። የወትሮ አመጋገባችሁ ላይ ከጸናችሁ ሐኪሙ መጠኑን በሱ ልክ ያስተካክላል። አንድ ወር ጨርሶ ትታችሁ በሚቀጥለው ወር ጠዋት ማታ ከሆነ ግን ማን ይቆጣጠረዋል?

ከምግብ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ መድኃኒት ነው። ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትራይሞክሳዞልና ፍሉኮናዞል አይ ኤን አርን በቀናት ውስጥ ሊያንሩት ይችላሉ። ሪፋምፒሲን፣ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ደግሞ ወደ ታች ይጎትቱታል። ብዙ አልኮል፣ ተቅማጥ፣ ምግብ አልበላ የሚል ሕመም፣ የጉበት ችግር፣ ሁሉም የየራሳቸውን ያደርጋሉ። የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም የሚባል ቅጠልም ከዚህ ነፃ አይደለም።

አንድ ወጥመድ አለ። አይ ኤን አር ሁሉን አያይም። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ብትወስዱ ቁጥሩ 2.5 ላይ ጸጥ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ግን አስፒሪን ፕሌትሌቶችን፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚረዱትን ጥቃቅን የደም ሕዋሳት፣ ያዳክማል፣ ሁሉም የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳሉ። የመድማት አደጋው ጨምሯል፣ ወረቀቱ ግን ምንም አይልም። ስለዚህ ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ሰገራ፣ የማይቆም ነስር፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ወይም ጭንቅላት ላይ የደረሰ ምት ካለ "ባለፈው ሳምንት ቁጥሬ ጥሩ ነበር" ብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም። ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለሁለት ሰዎች አንድ መጠን የማይሠራበት ምክንያትም አለ። አንዱ በቀን 2 ሚሊግራም ይበቃዋል፣ ሌላው 10 ይወስዳል፣ ሁለቱም 2.5 ላይ ናቸው። ልዩነቱ በከፊል ከወላጅ የሚወረስ ነው፤ ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበት ፍጥነት ከሰው ሰው ይለያል። የጎረቤትን መጠን መኮረጅ አይቻልም።

አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች፣ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን የመሳሰሉት፣ ይህ ሁሉ ቀጠሮ የላቸውም። አይ ኤን አር የእነሱን ሥራ በትክክል አይለካም፤ እነሱን የሚወስድ ሰው 1.1 አይቶ "መድኃኒቱ አልሠራም" ማለት የለበትም። ታዲያ ዋርፋሪን ለምን አልተተወም? የብረት ቫልቭ ላለው ሰው እስካሁን እሱ ነው የሚታዘዘው። አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም የሚባል፣ ሰውነት ራሱ በሚያመርታቸው ፀረ አካላት ምክንያት ደም ቶሎ የሚረጋበት ሕመም ላለበት፣ በተለይ አርተሪው (ደም ከልብ የሚያወጣው ደም ሥር) ውስጥ ደም ለረጋበት ሰውም ተመራጩ እሱ ነው። ነፍሰ ጡር ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ዋርፋሪን ፅንሱን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊጎዳ ስለሚችል፣ ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ማማከር አለባት፤ በአብዛኛው ወደ መርፌው ትዛወራለች።

ጥርስ ለማስነቀል ስትሄዱም ዋርፋሪኑን በራሳችሁ አታቋርጡ። አይ ኤን አሩ በሚፈለገው ልክ ከሆነ ቀላል ነቀላ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሳይቆም ይሠራል። የጥርስ ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ በቅርብ ቀን የተለካ ውጤት ነውና ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ።