«ሳያመኝ ምን ልመረመር?» እና ሌሎች ስለ ማህፀን በር ምርመራ የሚወሩ ነገሮች

በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «ቅድመ ካንሰር ምርመራ ታደርጊያለሽ?» ይባላሉ። መልሱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ከጎረቤት የተሰማ ወሬ ነው።

«ሳያመኝ ምን ልመረመር?»

ምርመራው የተዘጋጀው ላላመማት ሴት ነው። በሽታውን የሚያመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ኤች.ፒ.ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ካልጠፋ የማህፀን በር ሴሎችን ቀስ በቀስ ይለውጣል። ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ኤች.አይ.ቪ በደሟ ላለ ሴት ግን ሊፈጥን ይችላል። ምርመራው የሚፈልገው ያንን ሕመም የሌለው ለውጥ ነው። ከግንኙነት በኋላ፣ ወይም የወር አበባሽ ከቆመ ዓመታት በኋላ ደም ካየሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሐኪም ጋ ሂጂ።

«ፖዘቲቭ ከተባልኩ አለቀልኝ»

ብዙ ሴት የሚያስቀረው ይሄኛው ፍርሃት ነው። በጤና ጣቢያ በተለመደው ዘዴ አዋላጇ ወይም ነርሷ ማህፀን በር ላይ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ ትቀባለች። አዎ፣ ሰላጣ ላይ የምናደርገው የአቼቶ ዘመድ ነው። ጥቂት ቆይቶ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጣ ብሎ ይታያል። ነጣ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። ቅድመ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ኢንፌክሽንም እንዲሁ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ አንዳንዷ ሳያስፈልጋት ልትታከም ትችላለች። ይህ ሳይደበቅ ቀድሞ ሊነገራት ይገባል ባይ ነኝ።

ሕክምናው ቦታውን በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ማጥፋት ነው። ማህፀን አይወጣም። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ያልቃል። ከዚያ ለተወሰኑ ሳምንታት ውሃ መሰል ፈሳሽ ይኖራል፤ አንድ ወር ያህልም ከግንኙነት መታቀብ ይመከራል። ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ባልም ቢያውቀው ጥሩ ነው።

«ነጻ ከተባልኩ በቃኝ»

አይበቃም። በዓይን በማየት የሚደረግ ምርመራ የሚያመልጠው ነገር አለ፤ ቫይረሱም በኋላ ሊመጣ ይችላል። መቼ እንደምትመለሺ አስጽፊ።

«የባለጌ በሽታ ነው»

ቫይረሱ በጣም የተለመደ ነው። በሕይወቷ አንድ ወንድ ብቻ የምታውቅ ሴትም ሊይዛት ይችላል። ከዓመታት በፊት ገብቶ ሳይታወቅ መቆየትም ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ማን ማንን እንደከዳ አይናገርም።

«ልጄ ስለተከተበች ስጋት የለም»

በኢትዮጵያ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነቶች አይከላከልም። እሷም ለአቅመ ምርመራ ስትደርስ መመርመሯ አይቀርም።

«አንዴ ከገባሁ እምቢ ማለት አልችልም»

ትችያለሽ። ሴት ባለሙያ እንድትሠራልሽ ጠይቂ። ከጨነቀሽ አልጋው ላይ ሆነሽም አስቁሚያቸው። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የኤች.ፒ.ቪ ምርመራ በሚሰጥበት ቦታ ናሙናውን ራስሽ መውሰድ ይቻል እንደሆነም ጠይቂ። ሳትወጪ ደግሞ ይህን አትርሺ፦ «ነጣ ብሎ ከታየ ሕክምናው እዚሁ ነው ወይስ ሪፈር ትጽፉልኛላችሁ?»