የሞዴል መኪና «ስኬል» ምንድን ነው?

በሞዴል መኪና ሳጥን ላይ 1/24፣ 1/43 ወይም 1/64 የሚል ቁጥር ታትሞ ይገኛል። ስኬል የሚባለው ይኸው ቁጥር ነው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው መኪና ስንት እጥፍ እንዳነሰ ይናገራል። 1/24 ከሆነ በመኪናው ላይ ያለ ርዝመት ሁሉ፣ ከፓራውልቱ እስከ በሩ እጀታ፣ ለ24 ተካፍሏል። ሲነበብ «አንድ ለሃያ አራት» ይባላል።

ነገሩን ለማስረዳት ከቮልስ የተሻለ መኪና የለም። የድሮዋ ቮልስ ከፊት ጎማዋ መሐል እስከ ኋላ ጎማዋ መሐል 2,400 ሚ.ሜ ናት። ይህ ለ24 ሲካፈል ልክ 100 ሚ.ሜ ይመጣል፤ ማስመሪያ ላይ 10 ሳንቲም። ርዝመቷ 4.07 ሜትር ስለሆነ ሞዴሏ ወደ 170 ሚ.ሜ ትረዝማለች፤ የ1.54 ሜትር ወርዷ 64 ሚ.ሜ፣ የ1.50 ሜትር ከፍታዋ 62.5 ሚ.ሜ ይሆናል። የ15 ኢንች ቸርኬዋ፣ ማለትም 381 ሚ.ሜ፣ ወደ 16 ሚ.ሜ ይወርዳል። ካተር ከማንሳት በፊት እነዚህ አምስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ መስፈር አለባቸው። በዓይን ግምት የተጀመረ ሞዴል መሐል ላይ ሲደረስ ኮፈኑ ከበሩ አይገጥምም፤ ያን ጊዜ የትኛው እንደተሳሳተ ማወቅ አይቻልም።

ጀማሪን ደጋግሞ የሚያሳስተው የቁጥሩ አቅጣጫ ነው። የታችኛው ቁጥር በጨመረ መጠን ሞዴሉ ያንሳል፤ 1/18 ትልቅ ነው፣ 1/64 መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ሌላው ስሕተት 1/12 ከ1/24 «እጥፍ» ስለሆነ ዕቃውም እጥፍ ይበቃል ብሎ ማሰብ ነው። እጥፍ የሚሆነው ርዝመቱ ብቻ ነው። የሚቀባው ገጽ አራት እጥፍ፣ ይዘቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ አንድ ቆርቆሮ ስፕሬይ ለ1/24 ከበቃ ለ1/12 አራት ያስፈልጋል። በዚሁ ስሌት 800 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው ቮልስ በ1/24 ክብደቷም አብሮ ቢያንስ 58 ግራም ያህል ብቻ ትሆን ነበር፤ 24 በ24 በ24 ሲባዛ 13,824 ነውና።

ቁጥሮቹ ለምን ተራ በተራ እንዳልሄዱ መጠየቅ ተገቢ ነው። መነሻቸው የተለያየ ነው። 1/24 ከእንግሊዝ ልኬት የመጣ ነው፤ አንዱ ጫማ ግማሽ ኢንች ይሆናል። 1/43 የመጣው በእንግሊዝ አገር ከሚሠሩ የባቡር ሞዴሎች ነው፤ እዚያ አንዱ ጫማ 7 ሚ.ሜ ነበር፣ መኪናዎቹም ከባቡሩ አጠገብ እንዲቆሙ ተሠሩ። የወታደራዊ ተሽከርካሪዎች 1/35 ደግሞ ሞዴል አምራቹ ታሚያ የፓንተር ታንክ ሞዴሉን ሲሠራ ሞተርና ባትሪ ውስጡ እንዲገባ ብሎ ከመረጠው መጠን የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የጀመረው የአሻንጉሊት መኪና ሆት ዊልስ በተለምዶ 1/64 ይባላል፤ ነገር ግን መኪናዎቹ ለማሸጊያው እንዲስማሙ ስለሚሠሩ የጭነት መኪናውም የቤት መኪናውም በርዝመት ይቀራረባሉ። ስለዚህ በትንንሽ አሻንጉሊቶች ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳይለኩ ማመን አይገባም።

መለኪያው ቀላል ነው። የአሻንጉሊቱን ዊልቤዝ፣ ማለትም ከጎማ መሐል እስከ ጎማ መሐል ያለውን ርቀት፣ ለኩና የእውነተኛውን በእሱ አካፍሉ። አንዲት ትንሽ ቮልስ 38 ሚ.ሜ ከሆነች 2,400 ለ38 ሲካፈል 63 ይሰጣል፤ 1/64 ሊባል ይችላል። ከዚያ ወርዷን ለኩ። 28 ሚ.ሜ ከሆነ 1,540 ለ28 ሲካፈል 55 ነው፤ ስለዚህ ከርዝመቷ አንጻር ሰፍታለች ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቷን ቀለም መቀየርና ማሳመር ይቻላል፤ ለልኬት ግን መነሻ አትሆንም።

1/24 እና 1/25 ብዙ ያከራክራሉ። የጃፓኑ ታሚያ መኪናዎችና የጣሊያኑ ኢታለሪ የጭነት መኪናዎች በአብዛኛው 1/24 ናቸው፤ የአሜሪካው ኤኤምቲ ደግሞ 1/25። ልዩነቱ አራት በመቶ ነው። 600 ሚ.ሜ ጎማ በአንዱ 25፣ በሌላው 24 ሚ.ሜ ስለሚሆን ጎማ፣ መሪና ወንበር ማቀላቀል አያስነውርም። የ4 ሜትር መኪና ቦዲ ላይ ግን ልዩነቱ 7 ሚ.ሜ ገደማ ይደርሳል፤ የአንዱን ሻሲ ከሌላው ቦዲ ጋር ማጋባት ሁልጊዜ በጎማው ቀዳዳ ላይ ይጋለጣል።

ኪት፣ ማለትም ተቆራርጦ በሳጥን የሚሸጥ መገጣጠሚያ፣ ሳይገዙ ከባዶ ለሚሠሩ ስኬል የሚመረጠው ከጎማው ተነሥቶ ነው። ቦዲ ከካርቶንም ከፕላስቲክም በፈለጉት መጠን ይቆረጣል፤ ክብ፣ እኩልና አራት የሆነ ጎማ ግን በእጅ መሥራት ከባድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የተገኘው ክብ ነገር ይለካል፣ ስኬሉ ከእሱ ይወጣል። የሰፈር ልጆች በሽቦ መኪናቸው ላይ የሚሰኩት ቆርኪ 3 ሳንቲም ገደማ ነው። የቮልስ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 65 ሳንቲም ያህል ስለሆነ፣ ቆርኪውን ጎማ ማድረግ የፈለገ ሰው ቮልሷን በ1/22 ገደማ ይሥራ፤ ዊልቤዙ 109 ሚ.ሜ ይሆናል። በ1/24 ሠርቶ ቆርኪ ከሰካባት ግን የገጠር መንገድ ጂፕ ትመስላለች።

ባጃጅን እንመልከት፤ ጎንደር ላይ ለመለካት ከባጃጅ የቀረበ ተሽከርካሪ የለምና። የተለመደችው ባጃጅ 2,635 ሚ.ሜ ርዝመት፣ 1,300 ወርድ፣ 1,700 ገደማ ከፍታና 2,000 ዊልቤዝ አላት። በ1/24፦ 110፣ 54፣ 71 እና 83.3 ሚ.ሜ። ጎማዋ ላይ 4.00-8 የሚል ይነበባል፤ ወርዱ 4 ኢንች፣ ቸርኬው 8 ኢንች ማለት ነው። የጎማው ከፍታ ከወርዱ ጋር እኩል ነው ብለን ብናሰላ ጎማው ከዳር እስከ ዳር 406 ሚ.ሜ ይሆናል፤ በ1/24 17 ሚ.ሜ። ከመለዋወጫ ወይም ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ ውስጡ 9 ሚ.ሜ፣ ውፍረቱ 4 ሚ.ሜ የሆነ ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት) ከተገኘ ውጪው ልክ 17 ነው። ኦሪንግ ክብ ጠርዝ ስላለው ለባጃጅ ቀጭን ጎማ ያምርበታል፤ ለቤት መኪና ጠፍጣፋ ጎማ ግን አይሆንም።

ቅርጹን ከፎቶ ማውጣት ይቻላል፤ ፎቶው የተነሣበት ርቀት ግን ወሳኝ ነው። ፒያሳ ላይ ከቆመች ባጃጅ ሁለት ሜትር ርቆ የተነሣ ፎቶ ለካሜራው የቀረበውን ያሳብጣል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከ15 ሜትር በላይ ራቁ፣ ዙም አድርጉ፣ ካሜራውን በተሽከርካሪው ወገብ ልክ ያዙ፣ ልክ ከጎኗ ቁሙ። የታተመው ፎቶ ላይ ዊልቤዙ 96 ሚ.ሜ ከሆነ 83.3 ለ96 ሲካፈል 0.87 ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት «ወደ 87 ፐርሰንት አሳንስልኝ» ማለት ነው። ሲወጣ በማስመሪያ አረጋግጡ፤ ማሽኑ ወረቀቱ ላይ እንዲበቃ በራሱ የሚያሳንስበት ጊዜ አለ።

አሁን ብዙ ሥራ የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ እሱም ውፍረት ነው። ባጃጇ በ1/24 54 ሚ.ሜ ወርድ አላት ብሎ ወለሉን 54 የሚቆርጥ ሰው ግራና ቀኙን በ1 ሚ.ሜ ፕላስቲክ ሲለጥፍ 56 ይሆንበታል። ሁለቱ ሚሊሜትር በእውነተኛው መኪና 48 ሚ.ሜ ነው። ወለሉ 52 መቆረጥ ነበረበት። በዚሁ ምክንያት 1 ሚ.ሜ ፕላስቲክ ለአይሱዙ ካሶኒ ሳንቃ ጥሩ ነው፣ 24 ሚ.ሜ ሳንቃ ይመስላልና፤ ለፓራፋንጎ ግን ጠርዙ መሳሳት አለበት። ሙሉውን ማሳሳት አያስፈልግም፤ ዓይን የሚያየው ጠርዙን ስለሆነ ከውስጥ በኩል በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጫፉን ብቻ ማሾል ይበቃል።

መስታወቱም እንዲሁ። 5 ሚ.ሜ የሚሆን እውነተኛ መስታወት በ1/24 0.2 ሚ.ሜ ነው፤ የሸሚዝ ማሸጊያ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይቀርበዋል። የሲዲ ሽፋን ጥርት ቢልም ከአንድ ሚሊሜትር ስለሚወፍር ጥይት የማይበሳው መስታወት ይመስላል። መስታወት በሱፐር ግሉ አይለጠፍም፤ እንፋሎቱ ነጭ ጢስ ይጥልበታል። የአናጢ ነጭ ኮላ ሲደርቅ ስለሚጠራ ለዚህ ይሻላል። ለቦዲው ከዕቃ ማሸጊያ ፕላስቲክ የምትቆርጡ ከሆነ ታቹ ላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን ምልክት እዩ፤ ውስጡ 6 ከሆነ ጥሩ ይጣበቃል፣ 5 ከሆነ ተራ ሙጫ ስለማይይዘው ጊዜ አታጥፉበት። የባጃጇ ጣሪያ ሸራም ከእውነተኛ ጨርቅ አይሠራ፤ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ የክር ክፍተት በ1/24 12 ሚ.ሜ ቀዳዳ ነው። በውሃ በቀጠነ ኮላ የተነከረ ስስ ወረቀት መታጠፉም መጨማደዱም ሸራ ይመስላል። የጣሪያው ቱቦ 25 ሚ.ሜ ከሆነ 1 ሚ.ሜ ሽቦ ይበቃዋል።

ቀለምም ስኬል አለው። አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ቀለም በ1/24 2.4 ሚ.ሜ ውፍረት ነው፤ የበር ክፍተት ደግሞ በእውነተኛው መኪና 5 ሚ.ሜ ቢሆን በሞዴሉ 0.2 ሚ.ሜ ብቻ ስለሚሆን አንድ ወፍራም ቅብ ይደፍነዋል። ከ25 እስከ 30 ሳንቲም ርቆ ሦስት አራት ስስ ቅብ መንፋት፣ በየመሐሉ ማድረቅ። የጋራዥ ዱኮና ቲነር ባለ 6 ቁጥሩን ፕላስቲክ ስለሚያቀልጥ መጀመሪያ ፕራይመር ይቀድማል፣ ከዚያም በቁራጭ ላይ ይሞከራል። ጎንደር በሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲበረታ የተነፋ ቀለም ነጭ ጭጋግ ሊይዝ ይችላል፤ ቲነሩ ሲተን ገጹ ስለሚቀዘቅዝ የአየሩ እርጥበት ይቀመጥበታል። ዝናቡ ያባራበትን ደረቅ ቀትር መጠበቅ ይሻላል። የባጃጅን ሰማያዊ ሲያዘጋጁ ብዙ ሠሪዎች አሥር እጅ ሰማያዊ ላይ አንድ እጅ ነጭ ይጨምራሉ፤ ትንሽ ነገር ላይ ያው ቀለም ጠቆር ብሎ ይታያልና።

ከመኪናው ጀርባ ግንብ ማቆም ለሚፈልግም ቁጥሩ ያው ነው። የፋሲል ግንብ እስከ ማማው 32 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1/64 ልክ 50 ሳንቲም፣ በ1/24 ግን 1.33 ሜትር ስለሚሆን ከጠረጴዛ ላይ ወጥቶ የቤት ዕቃ ይሆናል። 16 ሜትር የሆነ ባለተሳቢ መኪናም በ1/24 67 ሳንቲም መደርደሪያ ይጠይቃል፣ በ1/64 25 ብቻ። ባጃጇን በ1/24 የሠራ ሰው ከግቢው አጥር አንድ ቁራጭ ብቻ ቢሠራ ይበቃዋል፤ 30 ሳንቲም ድንጋይ 12.5 ሚ.ሜ ሆኖ ይቀረጻል፣ በድንጋዮቹ መሐል ያለው የኖራ መስመር ደግሞ ከ1 ሚ.ሜ አይብለጥ፤ 1 ሚ.ሜ ራሱ 2.4 ሳንቲም ነው።