ራሱን የሚያጠጣ የአበባ መትከያ ምንድን ነው?

ስሙ ትንሽ ይዋሻል። ራሱን አያጠጣም፤ የምታጠጡት እናንተው ናችሁ። እሱ የሰጣችሁትን ውሃ ሆዱ ውስጥ ይይዝና ተክሉ በልኩ እንዲጠጣ ያደርጋል። እኛ ኮዬ ፈጬ የምንኖር ሰዎች ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ውሃ በፈረቃው ሲመጣ ሮቶ እንሞላለን፤ ሲጠፋ ከሮቶው እንቀዳለን። ይሄም የተክል ሮቶ ነው።

ከላይ አፈርና ተክል፣ ከታች ውሃ አለ። መሃላቸው ቀዳዳ ያለው ወለል ነው። ታዲያ ከታች ያለው ውሃ ያለ ፓምፕ እንዴት ወደ ላይ ይወጣል? ኩራዝን አስታውሱ። ጋዙ ከታች፣ እሳቱ ከላይ። የሚያገናኛቸው ክሩ ነው። ጋዙ በክሩ ቀጫጭን ክፍተቶች እየተሳበ ይወጣል፤ ከላይ በነደደ ቁጥር ከታች ይተካል። እዚህም እንደዚያው ነው፤ በወለሉ ቀዳዳ ክር ወደ ውሃው ይወርዳል። ተክሉ ሲጠጣና ፀሐይ አፈሩን ስታደርቅ ክሩ ከታች ይስባል። አፈሩ ከጠገበ መሳቡን ይቀንሳል። ስለዚህ የጥር ፀሐይ ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ደመና ሲሆን ይቆያል።

ለመሞከር ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ወገቡ ላይ ቁረጡት። ክዳኑን ብሱትና ክር አሳልፉበት። የላይኛውን ግማሽ ገልብጣችሁ በታችኛው ውስጥ አስቀምጡት፣ አፈር ሙሉበት፣ ከታች ውሃ አድርጉ። ለክሩ ከአሮጌ የስፖርት ማሊያ ላይ የተቀደደ ቁራጭ እመርጣለሁ። ጥጥም ውሃ ይስባል፤ ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። ማሊያ ደግሞ ላብ መሳብ ሥራው ነው።

መጀመሪያ ላይ ከላይ አጠጡ። ክሩም አፈሩም ደረቅ ከሆኑ መሳቡ አይጀምርም። ብዙ ሰው ይቺን ይዘላትና «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት። የመጀመሪያውን ትልቅ መትከያ ከሁለት ባልዲ ሠራሁና በሶብላ ተከልኩበት። በጋውን በሙሉ ደስ ሲል ከረመ። ሐምሌ ላይ በረንዳው ዝናብ ያስገባል፣ እኔ ደግሞ የሚፈስበት ቀዳዳ አላወጣሁለትም። ከታች ያለው ውሃ ሞልቶ አፈሩን ዋጠው። በሶብላው ውሃ ውስጥ ቆሞ ጠወለገ፤ እኔ ሞኙ ውሃ ጠምቶት መስሎኝ ጨመርኩለት! ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። አየር ሲያጣ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መጠጣት አይችልም። ስለዚህ አፈሩን ከያዘው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ በባልዲው ጎን አንድ ቀዳዳ አውጡ። ትርፉ በዚያ ይፈሳል። ባልዲው የቀለም ከነበረ ደግሞ አበባ እንጂ የሚበላ ነገር አትትከሉበት።

አፈሩም ወሳኝ ነው። የእኛ ሰፈር መሬት ዋልካ ነው። ክረምት ጫማ ያስቀራል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። መትከያ ውስጥ ከገባ ውሃ ሲነካው ያብጥና የአየር ክፍተቱን ይዘጋል። ከደጅ ዝቃችሁ አትሙሉት። ኮምፖስትና አሸዋ የተቀላቀለበት ልል አፈር ይሻላል።

ከወራት በኋላ አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ብታዩ አትደንግጡ። ውሃው ወደ ላይ እየወጣ ሲተን ጨውን እዚያ ጥሎት ይሄዳል። አልፎ አልፎ ከላይ ብዙ ውሃ አፍስሳችሁ እጠቡት። የውሃ መጨመሪያውን አፍ በጨርቅ ሸፍኑት፤ ቢምቢ የቆመ ውሃ ትወዳለች።

ለሁሉም ተክል ግን አይሆንም። በሶብላ፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ ይወዱታል። ቲማቲም በተለይ። ቲማቲም አንዴ ተጠምቶ አንዴ ሲጥለቀለቅ ፍሬው ቂጡ ጋ ይጠቁራል፤ እዚህ እርጥበቱ አይዋዥቅም። እሬት፣ ቁልቋል፣ ሮዝመሪ ግን መድረቅ ይፈልጋሉ። ለቡናችሁ የያዛችኋትን ጤና አዳምም ተዉአት።

መሬት ላይ ለምትተክሉ፣ ለገጣፎም ሆነ ሰበታ ግቢ ላላችሁ፣ የዚሁ ነገር ታላቅ ወንድም አለ፦ የሸክላ ገንቦ። እስከ አንገቱ ይቀበራል፣ ውሃ ይሞላል፣ አፉ ይከደናል። እንስራ ከውጭ እንደሚያልበው ሁሉ ገንቦውም ያልበዋል፤ አፈሩ ሲደርቅ ውሃውን ይስብበታል። ቻይና ውስጥ ከ2,000 ዓመት በፊትም ይሠራበት ነበር። አንድ ነገር ብቻ፦ ገንቦው የተሟሸ መሆን የለበትም። ማሟሸት ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ እንዲያፈስ ነው።

ብሎካችን ሥር ባለችው ቁራጭ መሬት አዲስ ገንቦ ስቀብር አንዲት እናት አዩኝ። «ሳታሟሸው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ያፈስብሃላ፣ ልጄ!»

ዙሪያውን ቆስጣ ተክዬበታለሁ።